ባሕር ላይ የወደቀው መቃብር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ታክ ማልሱክ ግን መስከረም እስኪጠባ እንኳ አልታገሠችም። ነሐሴ ሳያልቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ እናቷን ባሕር ውስጥ ከተተቻት።

እናትየዋ ከሞተች ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗታል። የተቀበረችውም ዶልሜ ተራራ ላይ ነው፤ ምንጭ እንኳ የሌለው ደረቅ ተራራ። ኮምፒዩተሩ ይህን ከየት ይወቀው? የመቃብሯን ቀይ ነጥብ ወስዶ ካርታው ላይ ከምዕራብ ደሴቶች መሃል፣ ሰማያዊው ላይ ጣላት። ማልሱክ መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። ነጥቧ ከባሕሩ አልወጣችም።

ከጎኗ የሚቀመጡት ጋሽ ፒዮ፣ ባሕር ላይ መረብ ዘርግተው የሚበላ የባሕር ቅጠል የሚያመርቱት ሰውዬ፣ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኗን አዩና ሳቃቸውን ለቀቁት።

«እንዴ ማልሱክ! ይሄማ እኛ መረብ የምንጥልበት ነው። እዚህ ሆኖ ኪምቺ የሚያዝሽ ማነው? ዓሣ ነባሪ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ማልሱክም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ለክፍሉ የነገረችው የኪምቺና የሌላም የጎመን ማባያ ሱቄን ደንበኞች ቤት በካርታ ላይ ላስቀምጥ ብዬ ነው ኮድ የምማረው ብላ ነው። የእናቴ መቃብር ጠፍቶብኛል ብሎ ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል? በእኛ ዘንድ የወላጁን መቃብር ሣር ያላጨደ ልጅ ይታማል። መቃብሩን ራሱን የጣለ ልጅማ ስምም አልወጣለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየዋ በሞተች ጊዜ ማልሱክ እርጉዝ ነበረች። እርጉዝ ሴት ደግሞ ቀብር አትወጣም፤ አክስቶቿ በር ላይ ቆመው አገቷት። እሷም የምትሆነውን ብታጣ፣ ከእናቷ የአኩሪ አተር መረቅ ማሰሮ ላይ ቡናማውን የሸክላ ክዳን አንስታ ለአባቷ ሰጠቻቸውና «እግሯ ሥር አድርጉልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ የወላጅ መቃብር የሚጸዳበት የቹሶክ በዓል ሲቃረብ፣ አባቷና ታላቅ ወንድሟ ቻንግሆ ማጨጃቸውን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ቤት ቀርተው ዘይት ላይ ይጠብሳሉ። ልማዱ ነው። እንዲህ እየተባለ፣ ማልሱክ የእናቷን መቃብር በዓይኗ ሳታየው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላት።

ከዚያ አባትየውን ጉልበታቸው ከዳቸው። ቀጥሎ ማስታወሳቸው ከዳቸው። ቻንግሆ ደግሞ ቡሳን ከተማ ሄዶ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነ። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ በፀደይ እሳት ተነስቶ የተራራውን ጥድ በሙሉ በላው፤ የተረፈውንም ግንድ ቆራጮች መጥተው በማሽን ጎተቱት። «ወንድም ጋሼ፣ የእማዬ መቃብርስ?» ስትለው ቻንግሆ «አጨድኩት፣ ደህና ነች» ይላታል። እሷም አመነች።

በዚህ ዓመት ግን ተራራው ሥር ሰሌዳ ተተከለ። መንገድ ሊያልፍ ነው። በመንገዱ ላይ ያለ መቃብር ባለቤቱ ከበዓሉ በፊት ቀርቦ ያስመዝግብ፤ ያልተመዘገበው ተቆፍሮ፣ ተቃጥሎ፣ ከሌሎች ባለቤት አልባ አጽሞች ጋር ይከማቻል። ጉብታው ያልታየ እንደሆነ ደግሞ ማሽኑ ዝም ብሎ ይሄድበታል። ማልሱክ ለወንድሟ ስልክ ደወለች።

«ማልሱክ፣» አለ ቻንግሆ፣ «አጭጄያለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ከእሳቱ በኋላ ስወጣ ተራራው አላወቀኝም። እኔም አላወቅሁትም። የበኩር ልጅ ሆኜ እናቴን ጣልኳት ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

ማልሱክ ልትሰድበው ነበር። ሲያለቅስ ሰማችው፤ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ሲያለቅስ ምን ይባላል?

የቀሯት የአባቷ ቁጥሮች ብቻ ነበሩ። አባትየው ዕድሜያቸውን በሙሉ ቀያሽ ነበሩ፤ መጀመሪያ የሌላውን ቀያሽ ዘንግ ተሸክመው፣ ኋላም ራሳቸው መሣሪያውን ይዘው። ዛሬ ከሱቁ ጓዳ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ማልሱክን «ወይዘሮ» ነው የሚሏት፤ ደግ የሱቅ ባለቤት ሆና በነጻ ያስጠጋቻቸው ይመስላቸዋል። የልጅ ልጆቻቸውን ስም ረስተዋል፣ የበሉትን ረስተዋል። ግን «እናቴን የት ነው የቀበራችኋት?» ያለቻቸው እንደሆነ ሽንኩርቱን አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እንደ ተማሪ ያነበንቡታል፦

«አንድ ሁለት ሁለት፣ ስድስት አንድ ሰባት። አንድ ሰባት ሰባት፣ ዜሮ ዘጠኝ አራት።»

ሁሌም ያው ነው፣ አንዲት አሃዝ አትዛነፍም። ቻንግሆማ አንድ ጊዜ ሎተሪ ቆርጦበታል፤ አልወጣለትም። ማልሱክ ቁጥሮቹን በስልኳ ካርታ ላይ ብትጽፋቸው ስልኩ «አልተገኘም» አላት። እንዲህ ያለውን የቀያሽ ቁጥር ነጥብ አድርጎ ለማውጣት ፕሮግራም መጻፍ ያስፈልጋል ሲሉ ሰማች። የወረዳው የትምህርት ማዕከል ደግሞ በዚያው ሰሞን «የራስዎን ካርታ ይሥሩ» የሚል ትምህርት ከፈተ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብላ ተመዘገበች።

ኧረ መማሩስ! የፓይተን ኮድ ነው የሚማሩት፣ የዘንዶ ስም የተሰጠው የኮምፒዩተር ቋንቋ። ማልሱክም ከዘንዶ ጋር ነው የታገለችው። አንድ ቅንፍ ሳትዘጋ ትረሳለች፣ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። መስመር ስድስት ላይ ስህተት አለ ይላታል፤ መስመር ስድስትን በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል ታነባለች፣ ምንም የለበትም። ለካ ጥፋቱ ያለው መስመር አምስት ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን መስመር አምስት አይልም?» ብላ ጮኸች አንድ ቀን።

«እትዬ ማልሱክ፣ እሱ ጥፋቱን የሚያውቀው አልፎት ከሄደ በኋላ ነው» አለቻት መምህርቷ ቹ ሶዳም። ልጅ እግር ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ፣ ሠላሳ ያልሞላት።

ይሄ ገባት። ጎመን ሲነከር ጨው የበዛበት እንደሆነ የሚታወቀው በሦስተኛው ቀን ኪምቺው ሲቀመስ ነው። ግን የገባት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ፋይል ምንድን ነው፣ ፎልደር ምንድን ነው፣ ትናንት ያስቀመጠችው ዛሬ የት ገባ፣ ለምንስ የሶዳም ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ኮድ እሷ ዘንድ ሲመጣ ያኮርፋል? ቤቷ ስትገባ ጭንቅላቷ እንደ ወፍጮ ይዞራል። አንድ ቀን ለደንበኛ ስፒናች በሰሊጥ ዘይት መለወስ ሲገባት በኮምጣጤ ለውሳ ሰጠች፤ ደንበኛዋ ተመልሳ መጥታ «ምን ሆነሻል፣ ፍቅር ይዞሻል እንዴ?» አለቻት።

ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው እንግዲህ ነጥቧ የወጣችው፤ ስትወጣም ባሕር ላይ።

ሶዳም ከጀርባዋ ቆማ ስክሪኑን አየችው። «ቁጥሮቹን የሰጠሽ ሰው ቀያሽ ነው?»

«አዎ» አለች ማልሱክ።

«እንደሱ በይኛ። የኛ ቀያሾች ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት ያስቀድማሉ፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያለውን። አገላብጪያቸው።»

አገላበጠቻቸው። ነጥቧ ከባሕሩ ዘላ የብስ ላይ ወጣች፤ ዶልሜ ተራራ፣ ደቡባዊው ትከሻ። ማልሱክ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ተራራ ላይም ደንበኛ አለሽ?» አለች ሶዳም።

«መነኩሴ ናቸው» አለች ማልሱክ፣ ውሸቱ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ።

«መነኩሴ ካንቺ ኪምቺ ይገዛሉ?» አሉ ጋሽ ፒዮ። «ያንቺ ኪምቺ ግማሹ ነጭ ሽንኩርት አይደለም እንዴ? ነጭ ሽንኩርትማ ለቡድሃ መነኩሴ እርም ነው!»

«ለሳቸው ለብቻው ያለ ሽንኩርት ነው የምሠራው፤ እርስዎ ምን አገባዎት!» አለችና ኮምፒዩተሯን ዘጋችው።

እዚያው ላይ እውነቱን ለሶዳም ብትነግራት ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ ባልመጣ ነበር። ሰው ግን ሲያፍር ብልሃቱም አብሮ ይጠፋዋል።

በእሑዱ ቻንግሆ ከቡሳን መጣ። የሣር ማጨጃ ሞተሩን በጀርባው አዝሎ፣ ማልሱክ ስልኳን እንደ ፋኖስ ከፊት ይዛ፣ የተቃጠለውን ተራራ ወጡ። የስልኩ ሰማያዊ ነጥብ እነሱ ናቸው፤ ቀይዋ ነጥብ እናታቸው። ሰማያዊው ቀዩን ሊነካ ሲቃረብ ማልሱክ እርምጃዋን አፈጠነች። ከፊታቸው በወገብ ልክ ሣር የተዋጠ ጉብታ ታየ።

«ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ ቻንግሆ። «ይቺን ዐለት አውቃታለሁ! አባባ ሁልጊዜ እዚች ላይ ነበር የሚቀመጡት!»

ሞተሩን አስነስቶ እንደ እብድ አጨደ። ማልሱክ ሣሩን በእቅፏ እየሰበሰበች ጣለች። የሸክላ ክዳኑን ፈለገች፣ አጣችው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ነው፣ አፈር በልቶታል አለች። ደረቅ ዓሣውን፣ ፍራፍሬውን፣ እናቷ የምትወደውን በቃሪያ የተለወሰ የባሕር ቅጠል ዘረጋች። ማክጎሊውን፣ የሩዝ ጠላውን፣ ቀድተው ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ተደፍተው ሰገዱ። ቻንግሆ ከሁለተኛው ስግደት መነሳት አቃተው፤ ግንባሩን አፈሩ ላይ እንደደፋ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ጣልኩሽ» እያለ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ማልሱክም ያጠራቀመችውን ሁሉ ፈታችው። ያኔ የፀነሰችው ልጅ ዛሬ ራሱ አባት መሆኑን፣ ባሏ ጥሏት መሄዱን፣ የወንድሟ ሚስት እንዴት ያለች ቆንቋና እንደሆነች፣ አባቷ «ወይዘሮ» እንደሚሏት። «እማዬ፣ ስሜን ረሱት እኮ! አንቺ ያወጣሽልኝን ስም ረሱት!»

«እናንተ!» አለ ድምፅ ከኋላቸው።

ዞሩ። አንዲት አሮጊት ሁለት ጎረምሳ የልጅ ልጆች አስከትለው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጎረምሶቹ ማጨጃ ይዘዋል።

«ምን ሆናችሁ ነው የምታለቅሱት?» አሉ አሮጊቷ።

«እናታችንን ነው፣ እማማ» አለ ቻንግሆ አፍንጫውን እየጠረገ።

«እናታችሁን? ይሄ እኮ አማቴ ናቸው፣ የባሌ አባት።»

አሮጊቷ አንዴ ማልሱክን፣ አንዴ ቻንግሆን፣ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ከዚያ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«አንድዬ! ሽማግሌው ሌላ ሚስት ነበራቸውና እዚሁ አብረው ተቀበሩ እንዴ? ለካ የገበያ ቀን ውለው የሚያድሩት ለዚህ ነበር! እኔ ሞኟ ስንት ዘመን እግራቸውን ሳጥብ!»

«ኧረ አይደለም እማማ!» ማልሱክ ተነስታ ልታስረዳ ሞከረች። የባሰ ተወሳሰበ። «እኛ የኮምፒዩተር… ማለቴ አባቴ ቀያሽ ነበሩ፣ ቁጥር ሰጡኝ፣ ቁጥሩ መጀመሪያ ባሕር ውስጥ ነበር…»

«ባሕር ውስጥ?» አሉ አሮጊቷ።

አንደኛው ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ ከጉብታው ሥር የቀረውን ሣር ገለጥ ሲያደርገው ትንሽ የድንጋይ ሰሌዳ ታየ። የሌላ ሰው ስም ነው፣ የወንድ ስም። ማልሱክ ክው ብላ ቀረች። ለማያውቃት ሽማግሌ ነው ለካ የባሏን ነገር፣ የወንድሟን ሚስት ነገር ስትዘከዝክ የዋለችው! ቻንግሆ ደግሞ የዘከዘከችውን አሁን ገና አስተውሎ «ሚስቴን ቆንቋና አልሽ?» አላት። ያ ይሆን የጎደለው?

አሮጊቷ ነገሩ ሲገባቸው ሳቅ አፈናቸው። ሣሩን ስላጨዱላቸው አመስግነው፣ ካላበላኋችሁ አትሄዱም ብለው አስቀመጧቸው። «አማቴ በሕይወታቸው ማንም አልቅሶላቸው አያውቅም» አሉ፤ «በጣም ክፉ ነበሩ። ዛሬ ጥሩ ቀን ዋሉ።» የማልሱክን የባሕር ቅጠል ቀምሰውም አሠራሩን ጠየቋት። እሷ ግን ነገረቻቸው እንጂ ራሷ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም። መኪናው ጋ ሲደርሱ ቻንግሆ «ዐለቷን አውቃታለሁ ማለቴን ለማንም እንዳትናገሪ» አላት።

በማግስቱ ማልሱክ ክፍሉ ገብታ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ቆሽቷ አርሯል።

«መምህር፣ ይሄ ኮምፒዩተርሽ ውሸታም ነው! የሰው አማት ላይ ነው ያስለቀሰኝ!»

ሶዳም እርሳሷን ከፀጉሯ ነቅላ ቁጭ አለች። ማልሱክም ከመጀመሪያው ጀምራ ሁሉንም አወራች፤ ክዳኑን፣ እሳቱን፣ ሰሌዳውን፣ የሌለውን መነኩሴ። ጋሽ ፒዮ ስለ ዓሣ ነባሪ በመቀለዳቸው ጆሯቸው ቀላ፤ «ማልሱክዬ፣ መጀመሪያውኑ ብትነግሪን ምን ነበረበት? የኔም ያያቴ መቃብር የት እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው» አሉ። ሌላዋ ሴትዮም አንገቷን ደፍታ «የኛም» አለች።

ሶዳም ግን አንድ ነገር ነው የጠየቀችው። «አባትሽ ቁጥሩን የለኩት መቼ ነው?»

«እናቴ በሞተች ጊዜ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።»

«ወይኔ! ያኔማ አሮጌው ስሌት ነበር።»

ቀስ ብላ አስረዳቻት። ድሮ የአገሩ መሬት ሲለካ መነሻው ጃፓኖች አገሩን በገዙ ጊዜ የተከሉት ነጥብ ነበር። ኋላ አገሩ ያን ትቶ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበትን ስሌት ያዘ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ሁሉ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ተንሸራተተ። እያንዳንዱ ስሌት በአራት አሃዝ መለያ ነው የሚጠራው፣ መለያዎቹም እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ማልሱክ ለልምምድ የተሰጣትን የአዲሱን መለያ ነው የጻፈችው፤ የአባቷ ቁጥር ደግሞ የአሮጌው ነው።

ማልሱክ ግንባሯን ያዘች። «ቆይ፣ ተራራው ተንቀሳቀሰ?»

«አልተንቀሳቀሰም።»

«አባቴ ተሳሳቱ?»

«አልተሳሳቱም።»

«ታዲያ ማን ነው የተንቀሳቀሰው?»

«መቁጠሪያው ነው እትዬ። መሬቱ እዚያው ነው።»

«እንግዲያው አገር ሙሉ መቁጠሪያውን ሲለውጥ ለአባቴ ማን ነገራቸው?» አለች ማልሱክ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ እስከ ዛሬም በደንብ አልገባትም። ብቻ አራቱን አሃዞች አጠፋች፣ ሶዳም ያለቻትን አራት አሃዝ ጻፈች፣ ቅንፏን ዘጋች። ነጥቧ ተራራው ላይ ሽቅብ፣ ወደ ግራ ሄደች። በላይዋ ላይ አዲሱ መንገድ የሚያልፍበት ቢጫ መስመር ተዘርግቷል።

ቻንግሆን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀባት። «ደግሜ በሰው ሬሳ ላይ አላለቅስም!» ይላል። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ፈቃድ ጠይቆ መጣ። በዚህኛው ጉዞ ዐለት አውቃለሁ፣ ዛፍ አውቃለሁ የሚል አልነበረም። ማልሱክ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ በሐረግና በከሰለ ጉቶ መሃል ዝም ብለው ወጡ። ሰማያዊው ነጥብ ከቀዩ ጋር ተገጣጠመ።

ምንም የለም። ለጥ ያለ ቦታ ነው፣ ፈርን የሚባል ቅጠላም ሣር የበቀለበት። ጉብታ አይሉት ጉድጓድ።

«ግንድ ሲጎትቱ ደመሰሷት» አለ ቻንግሆ በቀስታ፣ ማጨጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ።

ማልሱክ ሌላ ምን እንደምታጠፋ፣ ምን እንደምትጽፍ አላወቀችም። ቅንፉ ተዘግቷል፤ መለያው ተስተካክሏል፤ ሰሜኑም ምሥራቁም ተገላብጧል። አሁን ደግሞ ምኑ ነው የቀረው? በንዴት ወደፊት ስትራመድ እግሯ የሆነ ነገር መታና በግንባሯ ተደፋች። ፈርኑን ገለጠችው። የድንጋይ ችካል ነው፣ ቀያሾች የሚተክሉት ዓይነት፤ አናቱ ላይ መስቀለኛ ተቀርጾበታል። አባቷ ብቻ ነበሩ የመስቀለኛውን ጫፍ እንዲህ ቆልመም የሚያደርጉት፤ ልጅ ሆና ጓሯቸው ውስጥ ስታየው ነው ያደገችው።

«ወንድም ጋሼ!» አለች።

ከችካሉ ጎን፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት፣ የሐረግ ክምር አለ። ከሩቅ የወደቀ ጉቶ ነበር የመሰላቸው። ሁለቱም ተንበርክከው በእጃቸው ጎተቱት። ሥሩ እየተበጠሰ ወጣ። ከታች ዝቅ ያለ፣ የተቆረሰ ጉብታ ታየ፤ ማልሱክ ወደ እግርጌው ሄዳ አፈሩን በጥፍሯ ጫረች። ቡናማ የሸክላ ጠርዝ ወጣ። ክዳኑ አልተሰበረም።

በዚህኛው ቀን አልጮኸችም፣ አላወራችም። ያን ሁሉ ወሬ ለሰው አማት ጨርሳዋለችና የቀራት የለም። ክዳኑን በሸሚዟ ጠርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጉብታውን በመዳፏ ስትደባብስ ዋለች። የእናቷን መቃብር አየችው። ቻንግሆ በማግስቱ ጠዋት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ አስመዘገበ።

አንድ ነገር ግን አልገባትም። አባቷ ቁጥር የማይስቱ ሰው ናቸው። ታዲያ ችካሉን እንዴት ከጉብታው ጎን፣ ባዶ ቦታ ላይ ተከሉት? ከተራራው በወረዱበት ማታ ጓዳ ገብታ ከጎናቸው ቁጭ አለች። ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነው።

«አባባ፣ ቁጥርዎ ልክ ነው። ግን መቃብሯ ላይ አላደረሰንም። ባዶ ቦታ ላይ ነው ያወረደን፤ ችካል ብቻ ነው ያለው።»

አባትየው ቀና አሉ። «ችካሉ አለ?»

«አለ።»

«አልተነቃነቀም?»

«አልተነቃነቀም።»

ሳቁ። ጥርሳቸው ባይኖርም ፊታቸው በሙሉ ሳቀ። «ለምን ይነቃነቃል? እኔ ነኛ የተከልኩት።»

«ታዲያ ለምን የእማዬን አልለኩም?»

ጥያቄው ሞኝነት የመሰላቸው ይመስል ትክ ብለው አዩዋት። «እናትሽን?» አሉ። «እናትሽማ የት ትሄዳለች? እዚያው ናት። የምጠፋው እኔ ነኝ። ራሴን መርሳት ብጀምር፣ ሌላ ቦታ እንዳትጥሉኝ፣ የራሴን ቦታ ነው የለካሁት። ከጎኗ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። እናትሽ አሏት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወይዘሮ ሲሏት ከርመው እናትሽ አሏት፤ ለዚያች ለአንዲት ቃል ያህል የማን ልጅ እንደሆነች አውቀዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ብለው «ወይዘሮ፣ ይሄን የት ላስቀምጠው?» ሲሉ የተላጠውን ሽንኩርት ተቀበለቻቸውና ወደ ሱቁ ወጥታ፣ የጎመኑ በርሜል ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ከበዓሉ በኋላ እናትየዋን አነሷት። መንገዱ በማይደርስበት፣ ከጋሽ ፒዮ ዘመድ በገዙት ኮረብታ ላይ አሳረፏት፤ ክዳኑንም እግሯ ሥር መለሱት። ከጎኗ ባዶ ቦታ ተተወ። ማልሱክ የአባቷን ችካል ከዶልሜ ተራራ ራሷ አውርዳ፣ ራሷ ተከለችው። የአዲሱን ቦታ ቁጥርም ራሷ በጻፈችው ፕሮግራም አወጣችው፤ ሦስት ጊዜ ቀይ ጽሑፍ ከሞላባት በኋላ።

አዲሱን ቁጥር ለአባቷ ልታስጠናቸው ሞከረች። እሳቸውም ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ይጀምሩታል፤ ሁለት ሦስት አሃዝ በደንብ ይሄዱና በመሃል ወደ አሮጌው ይገባሉ። አንድ ሁለት ሁለት፣ ስድስት አንድ ሰባት። መንገዱ አሁን በዚያ ቁጥር ላይ አስፋልት ለብሶ ያልፋል። «አይ አባባ፣ እሱ አይደለም» ትላቸው ነበር መጀመሪያ። አሁን ትታዋለች። እሳቸው አሮጌውን ይበሉ፣ አዲሱን እሷ ትይዘዋለች።

ጎመን ስትነክር፣ ስፒናች ስትለውስ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ደንበኞቿ ያያሉ። አንዷ በቀደም «ምንድን ነው ሁሌ የምትቆጥሪው? የሎተሪ ቁጥር ነው?» አለቻት።

«አይደለም፣ የቦታ ቁጥር ነው፤ አባቴ ሲጠፉ የማደርሳቸው እዚያ ነው» አለቻት ማልሱክ፤ ስፒናቹንም በሰሊጥ ዘይት ለውሳ ጠቅልላ ሰጠቻት።